በቀይ ክር የተሰፋ ኮረብታ

ገበሬው አቤቱታውን በቃል አላቀረበም። የስንዴ ዘር ብሎ የገዛውን ጆንያ ተሸክሞ ፖሊስ ጣቢያ ገባና፣ ገና ታጥቦ ያልደረቀ ወለል ላይ ዘረገፈው። መጀመሪያ ገለባ ወረደ፤ ቀጥሎ አሸዋ። ብዙ አሸዋ ነበር።

«ይኼን ልዝራው?» አለ ገበሬው። «ብዘራው ምን ይበቅላል? ግንብ?»

የእሱን ጨምሮ ሦስት ጆንያ እንዲህ ሆኖ ተገኝቷል። ሦስቱም ባለቤቶች የጆንያውን አፍ በቢላ ሸርክተው፣ ክሩን እሳት ውስጥ ጥለው፣ ማስረጃ ሊሆን የሚችለውን ሁሉ አጥፍተው ነበር የመጡት። ዝናብ ተቃርቧል። መጋዘኑ ውስጥ ገና ያልተከፋፈለ የዘር ክምር ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ ከዚያ ክምር የትኛው ዘር፣ የትኛው አሸዋ እንደሆነ የሚያውቀው ግን የሰረቀው ሰው ብቻ ነው።

አዛዡ ጉዳዩን ለሜትር ሰጡት።

ሜትር የኢንስፔክተሩ ቅጽል ስም ነው። ትራፊክ ፖሊስ ሳለ አስፋልት ላይ ተንበርክኮ የፍሬን ምልክት ሲለካ ነው የወጣለት። ወደ ወንጀል ምርመራ ሲዛወር ስሙም፣ ኪሱ ውስጥ ያለችው ተጠቅላይ መለኪያም አብረውት ተዛወሩ። ሚስቱ፣ «ሊያገባኝ ሲመጣ መጀመሪያ የጠየቀኝ የአልጋዬን ስፋት ነው» እያለች ሰው ታስቃለች። ውሸቷን ነው። የጠየቃት የቁም ሣጥኗን ነበር።

የጣቢያው መኪና ጋራዥ ስለነበረች የመጋዘኑ ሥራ አስኪያጅ ራሱ በፒክአፑ ሊወስደው መጣ። ሳቂታ፣ ደልዳላ፣ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች በነጭ ፋሻ የተጠቀለሉ ሰው ነው። ካፊያ ጀምሮ ነበርና ሜትር ቦርሳውን የመኪናው ሸራ ሥር ለማስገባት አመነታ።

«ያስቀምጡት፣ ኢንስፔክተር፣ ጠብ አይልበትም» አለው ሥራ አስኪያጁ። «ባለፈው ሳምንት ንፋስ ለሁለት ከፍሎት ነበር። በማግስቱ ራሴ ሰፋሁት። አባቴ ድንኳን ሰፊ ነበር፤ ለስፌት ገንዘብ ከከፈልኩ ከመቃብሩ ተነስቶ ይመጣብኛል።»

ሜትር ሳቀ። ጥሩ ቀልድ ነበር።

የመጋዘኑ አሠራር ቀላል ነው። ዘሩ ይመዘናል፣ በፕላስቲክ ይታሸጋል፣ ጆንያ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ የጆንያው አፍ በቀይ ክር በእጅ ይሰፋል። ሌላ ማንም ቀይ ክር አይጠቀምም፤ ገበሬው የመጋዘኑን ዘር የሚለየው በእሱ ነው። ክሩና የጆንያ መርፌው የሚቀመጡበት ሣጥን ቁልፍ ጆንያዎቹን ከምትሰፋው ሴት፣ ከሰፊዋ፣ አንገት አይወርድም።

«እኔ እንደ እህቴ ነው የማያት» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ግን አሸዋ የገባበት ጆንያ ተመልሶ በቀይ ክር ተሰፍቷል። ቀይ ክር ደግሞ ከእሷ እጅ አይወጣም። እኔ አይደለሁም የምጠረጥራት፤ ክሩ ነው።»

ሜትር ጆንያዎቹን አስመዘነ። ሁሉም ልክ ናቸው፤ ሌባው አሸዋውን መዝኖ ነው የከተተው። ከክምሩ ፊት ሁለቱን አስከፈተ። ንጹሕ ዘር። ሦስተኛውን ሊያስከፍት ሲል ሥራ አስኪያጁ መሐል ገባ።

«ፕላስቲኩ ከተቀደደ እርጥበት ይገባዋል፤ ዘርነቱ አበቃ ማለት ነው። ገበሬው ሊዘራው ነው እንጂ ሊያስፈጨው አይደለም። ሰኞ የቀረውን ማከፋፈል እጀምራለሁ። ሌላ ከከፈቱ ለአለቃዎ እደውላለሁ።»

ደወለም። አዛዡም ከእንግዲህ አንድ ጆንያ እንዳይከፈት አዘዙ።

ዘበኛው በሩ ላይ፣ አንድ እግሩ ባጠረ ወንበር ሚዛኑን ጠብቆ ተቀምጧል።

«ሌሊት እዚህ ማን ይገባል?» አለው ሜትር።

«እንቅልፍ።»

«ከእንቅልፍ ሌላ?»

«ከእንቅልፍ ሌላማ ማን እንደሚገባ በምን አውቄ? ተኝቼ?» ዘበኛው ትንሽ አሰበና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሰፊዋ ወንድም ግን ባለጋሪ ነው። ምሳ ያመጣላታል። ሰው ለአንድ ሳህን ምሳ ጋሪ ያስፈልገዋል?»

ይኼን የሰሙት አዛዡ ሰፊዋን ወዲያው አስያዟት። ሜትር ወደ ወንድሟ ቤት ሄዶ ጋሪውን አየ። ግራ ጎማው ከወለቀ ቆይቷል፤ ጋሪው ላይ ዶሮ ሰፍራ ታቅፋለች። ምሳውን በእግሩ ነው የሚያመጣው። ዶሮዋ ሜትርን በቁጣ አየችው፤ ይቅርታ ጠይቋት ወጣ።

አዛዡን ግን ዶሮ አላሳመናቸውም። «ጎማ ይዋሳል» አሉ። «መዝገቡ ሰኞ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል።»

*

ሰፊዋ መካከለኛ ዕድሜ ላይ ያለች፣ ስትናገር እጆቿን ጭኖቿ ላይ የምታሳርፍ ሴት ናት። የቀኝ አመልካች ጣቷ ጎን በመርፌ ብዛት እንደ ጫማ ሶል ደንድኗል።

«ሁሉንም የሰፋሁት እኔ ነኝ» አለች። «ዘር ሞልተው ሰጡኝ፣ ዘር እንዳለው ሰፋሁት።»

«ክሩን ሌላ ሰው ማግኘት ይችላል?»

«ጥቅሉን ከከተማ የሚያመጡት አለቃ ናቸው። ስንት ገዝተው ስንቱን እንደሚሰጡኝ እኔ ምን አውቃለሁ።»

«እሺ፣ ክምሩን ብታይው የራስሽን ስፌት ከሌላ ሰው ስፌት ትለይዋለሽ?»

ለመዋሸት ጥሩ ዕድል ነበር፤ «አዎ» ብትል የሚቃወማት አልነበረም።

«አልለይም» አለች። «ስሰፋ እጄን አላየውም። እርስዎ ሲራመዱ እግርዎን ያያሉ?»

ሜትር ጠረጴዛው ሥር እግሩን አየ። ትራፊክ ሳለ ጭቃ ላይ የቀረ እርምጃ ለክቶ ያውቃል። ሰው ልብሱን ይቀይራል፣ ስሙን ይቀይራል፤ እርምጃውን ግን ረስቶት ነው የሚሄደው። የረሳውን ደግሞ ማን ይቀይራል?

ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ የሰፊዋ እናት አግዳሚ ወንበሩን ይዘዋል። ከመጡ ጀምሮ ያንን ወንበር ለማንም አልለቀቁም።

«አንተ ልጅ፣ ልጄን የምትፈታት መቼ ነው?»

«እማማ፣ ገና ምርመራ ላይ ነን።»

«መርምር። እኔንም ሐኪም ሲመረምረኝ ነው የኖረው።» ለመተንፈስ ቆም አሉ። «ደረቴን አፍኖ የጣለኝ ቀን የደረሰችልኝ እሷ ናት። አሁን ቢጥለኝ ማን ሊያነሳኝ ነው? አንተ?»

«እኔ አነሳዎታለሁ።»

«አንተማ ትለካኛለህ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

*

ሜትር ቅዳሜን ክምሩ ላይ ዋለ። ከላይ፣ ከመሐል፣ ከሥር፣ ከየጆንያው አፍ ጥቂት ጥቂት ስፌት እየመረጠ፣ መርፌው ከገባበት እስከ ወጣበት በሚሊሜትር እየለካ፣ በየጆንያው ቁጥር እየለየ ስልኩ ላይ ጻፈ። ዘበኛው ከወንበሩ ሳይነሳ ሲያየው ቆየና፣ «ጆንያ ሱሪ ልታሰፋለት ነው?» አለው።

ከዚያ ቢሮ ገብቶ ሚስቱ ለተማሪዎቿ ውጤት የምትጠቀምበትን ድረ ገጽ ከፈተ። አዛዡ ግራፍ ስለሚወዱ የጣቢያው ሰው ሁሉ ስለ ግራፍ ግማሽ ቀን ሠልጥኗል፤ ሜትር ሥልጠናውን በጥሩ እንቅልፍ ነው የተከታተለው። ድረ ገጹ ግን ሰው አያስቸግርም። ቁጥር የሚለጠፍበት ባዶ ሳጥን አለው፤ ከሥሩ አንድ ቁልፍ። ጎኑ ላይ አንዲት ቀጭን ሴት ውፍረት ስለሚቀንስ ሻይ ታስታውቃለች። ሜትር ቁጥሮቹን ለጠፈ፤ ቁልፉን ተጫነ።

ሂስቶግራም ይሉታል። ቁጥሮችን በየልካቸው ክፍል ያሰልፋል፤ ብዙ ቁጥር የገባበት ክፍል ረጅም አምድ፣ ጥቂት የገባበት አጭር አምድ ይሆናል። ሜትር የጠበቀው ሁለት እጅ ነበር። የመጣው ግን መሐል ላይ አንድ ግዙፍ አምድ፣ በግራና በቀኝ እንደ አጃቢ የቆሙ ሁለት ድንኮች።

አዛዡ ከጀርባው ቆመው ኖሯል።

«አንድ ኮረብታ» አሉ ቀስ ብለው። «አንድ እጅ። አንድ ሌባ። ሜትር፣ ይኼ ነው ሥራ ማለት!» በቀለም አሳትመው ግድግዳው ላይ ለጠፉት።

ሜትር ለሰፊዋ ማምለጫ ሲፈልግ በገዛ እጁ ገመዱን ፈትሎ እንዳቀረበ ሆኖ ተሰማው። እናትየዋ በኮሪደሩ ሲያልፍ፣ «ምን ተገኘ?» አሉት። እርምጃውን አፈጠነ። በሕይወቱ ረጅሙ ኮሪደር ያ ነበር፤ ለክቶት ግን ያውቃል፣ አጭር ነው።

*

እሑድ ከምሳ በኋላ ሚስቱ የግራፉን ፎቶ ከስልኩ ላይ አይታ መነጽሯን አወረደች። የሒሳብ መምህርት ናት፤ መነጽሯ ሲወርድ ሰው ይፈራል።

«የአምዶቹን ስፋት ማን መረጠው?»

«ድረ ገጹ።»

«ድረ ገጹ ሴትየዋን ያውቃታል?»

«የት ያውቃታል?»

«ታዲያ በምን ሥልጣኑ ይወስንላታል?» ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች። «ተመልከት፣ በአሥር አሥር ሚሊሜትር ነው የከፋፈለው። ከሃያ እስከ ሠላሳ ያለውን ሁሉ አንድ ከረጢት ውስጥ ከከተትከው የምታየው አንድ ከረጢት ነው። እኔ የሁለት ክፍል ውጤት ቀላቅዬ ስስል ሁለት ጉብታ ነው የወጣልኝ። አንዱን ክፍል ያስተማርኩት እኔ፣ ሌላውን ባልደረባዬ። የማን ጉብታ ዝቅ እንዳለ አልነግርህም።»

«የእሱ።»

«ጎበዝ ባል።»

ከግራፉ ሥር አንዲት ተንሸራታች ቁልፍ ነበረች። ሜትር ትናንት አይቷት ጌጥ መስላው ነበር። ሚስቱ በጣቷ ይዛ ቀስ ብላ ወደ ግራ ገፋቻት።

ግዙፉ አምድ ተሰነጠቀ። መጀመሪያ ደረጃ መሰለ። ትንሽ ስትገፋው የትከሻ ቅርጽ አወጣ። ሌላ ጥቂት ስትጨምርበት፣ ስፋቱ አንድ ሚሊሜትር ላይ ሲደርስ፣ ትከሻው ራስ አበቀለ፤ መሐሉ ሰመጠ። ማያው ላይ ሁለት ኮረብታዎች ጎን ለጎን ቆሙ። የአንዱ ጫፍ ሃያ ሁለት ላይ፣ የሌላው ሃያ ስድስት ላይ፤ መሐላቸው ሰው የማይኖርበት የሚመስል ሸለቆ።

ሜትር ከወንበሩ ተነሳ። ለምን እንደተነሳ አላወቀም። ሰው ትልቅ ሰው ሲገባበት እንደሚነሳው ነው።

ቁጥሮቹን እሱ ነው የለካቸው። አንድ በአንድ፣ ጉልበቱ እስኪደማ። አንዳቸውም ሲለኩ ምንም አልነገሩትም፤ ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ነው፣ ሃያ አምስትም ሃያ አምስት። ለካስ አንድ ላይ ሲቆሙ ሁለት ሰው ደብቀው ኖሯል። መርፌ ይዘው፣ ጎንበስ ብለው፣ እጃቸውን ሳያዩ የሚሰፉ ሁለት ሰዎች፤ ፊታቸው ብቻ ነው የጎደለው።

«ትንሽ ግፊው» አለ በሹክሹክታ። ለምን እንዳንሾካሾከም አላወቀም።

ገፋችው። ኮረብታዎቹ ተበታትነው የማበጠሪያ ጥርስ ሆኑ።

«አየህ?» አለች መልሳ እያመጣቻቸው። «በጣም ከቀረብከው አፍንጫ እንጂ ፊት አታይም። በጣም ከራቅከው ደግሞ ሰው ይሁን ዛፍ አይለይህም። መቆሚያህን አንተ ነህ የምትፈልገው።»

ሜትር ጣቱን ወደ ማያው ቀኝ ዳር ወሰደ። ከሃያ ስድስቱ ኮረብታ ራቅ ብለው፣ ሠላሳ ሁለት አካባቢ፣ ጥቂት አጫጭር አምዶች ብቻቸውን ቆመዋል።

«እነዚህስ? ሦስተኛ ሰው?»

«ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። እሱን ግራፍ አይነግርህም፤ ሰው ጠይቅ።»

*

ሰኞ ጠዋት ገበሬዎች መጋዘኑ በር ላይ ተሰልፈዋል። ዝናቡ ካፊያውን ትቶ ጠብታውን አወፍሯል። ሜትር አዛዡን ለምኖ ነው ያመጣቸው። ጣቢያ ውስጥ አዲሱን ግራፍ ሲያሳያቸው ብዙ አልተናገሩም፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱት፣ ኮታቸውንም አነሱ።

«አንድ ጆንያ ብቻ» አሉ። «እሱም ዘር ሆኖ ከተገኘ አንተ ወደ ትራፊክ ትመለሳለህ።»

ሜትር ትናንት ማምሻውን በየጆንያው የተለካውን ለይቶ፣ ቀድሞ ተከፍተው ንጹሕ ዘር የተገኘባቸው የሁለቱ ጆንያዎች የመርፌ ቀዳዳ ሃያ ስድስት ላይ ስለወደቀለት፣ ስፌታቸው ሃያ ሁለት አካባቢ የሚያንዣብበውን በኖራ ምልክት አድርጎባቸዋል። ከክምሩ ጀርባ ከግድግዳው ጋር ከተደገፉት አንዱን ጠቆመና፣ «ይኼን አጥብቦ የሰፋው ሌላ እጅ ነው» አለ። ሥራ አስኪያጁ ቅንድቡን ሰቀለ።

ጆንያው ተከፈተ። ገለባ። ከዚያ አሸዋ።

አዛዡ ሁለተኛው እንዲከፈት በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ ማዘዛቸውን ያወቁ አይመስሉም። አሸዋ። ሦስተኛው አሸዋ። «ምልክት የሌለበትን ክፈቱ» አሉ። ዘር ወረደ፤ ደረቅ፣ ወርቃማ፣ የሚንሿሿ። ምልክት ያለበት፤ አሸዋ። ምልክት የሌለበት፤ ዘር። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ።

«ይኼ ሰውዬ ጠንቋይ ነው?» አለ ከኋላው አንዱ።

«ፖሊስ ነው።»

«ታዲያ እንዴት አወቀ?»

ዘበኛው ከወንበሩ ተነስቶ ነበር። ሲቆም ያየው ሰው ስላልነበረ ቁመቱ ሁሉንም አስደነቀ።

«እግዜር ይመስገን» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ጉንጩ ትንሽ ነጣ ብሎ። «ዘሩ ተለየ። ግን ኢንስፔክተር፣ ሌላ እጅ የሚሉትን አላምንም። አንድ ሰው አንዴ አጥብቦ፣ አንዴ አስፍቶ ሊሰፋ አይችልም? እዚህ ግቢ ከእሷ ሌላ የሚሰፋ የለም። እኔ እንኳ የምችለው ሰውዬ፣ ይኼው ጣቴን በር ከጨፈለቀኝ ከወር በላይ። እስክሪብቶ አልይዝ፣ ቁልፍ አልቆልፍ፤ ሸሚዜን የምታለብሰኝ ሚስቴ ናት።»

ከውጭ ዝናቡ የሆነ ነገር ላይ እንደ ከበሮ ይመታል። ሜትር ዞር ብሎ አየ። የፒክአፑ ሸራ ነው። ጠብ አይልበትም።

መለኪያዋን ከኪሱ አወጣና ዝናቡ ውስጥ ገባ።

የሸራው ስፌት ከዳር እስከ ዳር ረጅም ነው። ሜትር እየለካ ቁጥር ጠራ፤ ዘበኛው ከጎኑ ቆሞ በወፍራም ጣቱ ስልኩ ላይ ጻፈ። ሃያ ሁለት። ሃያ አንድ። ሃያ ሁለት። ሃያ ሦስት። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ፈገግ አለ፤ ቀጥሎ እሱንም ተወው።

ሜትር ቁጥሮቹን ከትናንቶቹ ላይ ለጠፈና ቁልፉን ተጫነ። አዛዡ በትከሻው ላይ አጎነበሱ። አዲሱ ኮረብታ በሌላ ቀለም መጣ፤ መጥቶም የግራው ኮረብታ ላይ፣ ጫፍ በጫፍ፣ ቁልቁለት በቁልቁለት ገጥሞ ተቀመጠ። እንደ ክዳን።

ሜትር ስልኩን በሁለት እጁ ነበር የያዘው፤ የሚፈስ ነገር እንዳለበት።

«ይኼ ሸራ ባለፈው ሳምንት ተቀዶ ነበር አይደል?» አለ።

«አዎን፣ ንፋስ...» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«በማግስቱ ማን ሰፋው?»

ሥራ አስኪያጁ ፋሻውን አየው፤ የሌላ ሰው እጅ ላይ ያየው ይመስል። ሽማግሌው ገበሬ ቀረብ ብሎ የፋሻውን ጫፍ በጥንቃቄ ሳበ። ፋሻው ያለ ችግር ተፈታ። ከሥሩ ሁለት ጤነኛ ጣቶች ወጡ፤ የአንደኛው ጎን በመርፌ ደንድኗል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለ ሽማግሌው፣ ፋሻውን አጣጥፎ እየመለሰለት።

የተሰረቀው ዘር ከሥራ አስኪያጁ አባት አሮጌ ድንኳኖች ሥር ተገኘ፤ ሌላ ከተማ ሊሸጥ የተዘጋጀ፣ ደረቅ፣ ደህና። የተሰለፈው ሁሉ ደረሰው። ከፒክአፑ ወንበር ሥር ደግሞ ሰፊዋ አይታው የማታውቀው የቀይ ክር ጥቅል ወጣ።

*

አዛዡ ሰፊዋን ራሳቸው ፈቷት፤ ይቅርታ ማለት ስለማይሆንላቸው ወንበር ሳቡላት። አዲሱ ግራፍ በቀለም ታትሞ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። እናቷ ከኮሪደሩ ወንበራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተነስተው ገብተዋል።

«ይኼኛው አለቃሽ ናቸው» አላት ሜትር በግራ ያለውን እየጠቆመ። «ይቺኛዋ አንቺ ነሽ።»

ሰፊዋ የደነደነ ጣቷን ኮረብታው ላይ አሳረፈች። ከግርጌው ተነስታ፣ ወደ ጫፉ ወጥታ፣ በሌላኛው ጎን ወረደች። ዓይኗን አንዴም አልነቀለችም።

«ስንት ዘመን ስሰፋ» አለች ቀስ ብላ፣ «እጄ እንዲህ ያለ ነገር ይሠራል ብዬ አላውቅም።»

«አንድ ነገር ብቻ ያልገባኝ አለ» አለ ሜትር። ቀኝ ዳር ብቻቸውን የቆሙትን አጫጭር አምዶች አሳያት። «እነዚህ ረጃጅም ስፌቶች ናቸው። ጆንያዎቹን ከፍተናቸው ዘር ነው ያለባቸው፤ ሌባ አልነካቸውም። ግን የአንቺ ልክ አይደሉም። ማን ነው የሰፋቸው?»

ሰፊዋ አየቻቸው። ከዚያ ዞራ እናቷን አየች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ደረቷን አፍኖ የጣላት ቀን ነው። ጎረቤት መጥቶ ሲጠራኝ የቀረኝን ጆንያ ዘልዬ ዘልዬ ሰፍቼ ነው የሮጥኩት።»

ሜትር እነዚያን ጥቂት አምዶች እንደ አዲስ አያቸው። ሌላ ሌባ ብሎ ፈርቷቸው ነበር። ለካስ ሩጫ ነበሩ።

እናትየዋ ጎንበስ ብለው፣ ትንፋሻቸውን እየሳቡ ወረቀቱን በቅርብ መረመሩ።

«ኧረ ተው» አሉ በመጨረሻ። «እኔንም ለክታችሁኛል።»